በታኅሣሥ ማለዳ ጣና ዳር ለሚሮጥ ሰው

ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ወደ ሱቄ የሚመጣው ደንበኛ ይለወጣል። ነሐሴንና መስከረምን የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ እከርምና ጥቅምት አጋማሽ ላይ «እትዬ፣ ይችን ቱታ ያጥብቡልኝ»፣ «ለዚህ ጃኬት ገበር ያስገቡለት» የሚሉ ወጣቶች ብቅ ብቅ ይላሉ። አንዳንዶቹ ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ለሚካሄደው ታላቁ ሩጫ የሚዘጋጁ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ክብደት ለመቀነስ ነው፤ ሐኪም አዝዟቸው የጀመሩም አሉ። የሚጠይቁኝ ግን ሁሉም ያው ነው፦ ወፈር ያለ ልብስ። የእኔም መልስ ያው ነው። ወፍራሙን ልብስ የምትፈልጉት ሩጫው ሲያልቅ ነው።

ይህን ደንበኛ አቁሞ ማስረዳት ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ። ማለዳ ማለዳ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነስቼ፣ በሐይቁ ዳር አድርጌ፣ ዘንባባዎቹን ተከትዬ ወደ ዓባይ ድልድይ እሮጣለሁ። አቅም ሲኖረኝ ድልድዩን ተሻግሬ የቤዛዊትን ዳገት እሞክራለሁ። ጨርቅ ቀኑን ሙሉ በእጄ ውስጥ ስለሚውል፣ የትኛው ጨርቅ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ለሰው መናገር ደስ ይለኛል።

«ባሕር ዳር ደግሞ ምን ብርድ አላት?» የሚል የደብረ ታቦር ዘመድ አለኝ። ከእነሱ አገር አንጻር እውነቱን ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 6 ዲግሪ ይጠጋል። የእኛ ብርድ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርድና ቀኑ 26 እና 27 ዲግሪ ይደርሳል። ደመና የሌለበት ሰማይ፣ መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ያስለቅቀዋል። ስለዚህ ብርዱ የሚጠነክረው እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም፤ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሯጩ መንገድ ላይ ባለበት ሰዓት። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቱ የወጣ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ በጨለማና በቅዝቃዜ ይሮጣል፤ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያው ሰው የለበሰው ሁሉ ይከብደዋል። ደብረ ታቦር ላይ ሲበርድ ሰው በርዶታልና አውቆ ይለብሳል። ባሕር ዳር ላይ ግን አንዱ የቀኑን ፀሐይ አስቦ በስስ ከነቴራ ይወጣል፤ ሌላው የበሩን መክፈቻ ብርድ አይቶ ሁለት ሹራብ ይደርባል። ሁለቱም ሲመለሱ ይንቀጠቀጣሉ።

ሐይቁም የራሱ ሥራ አለው። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በአማካይ 8 እና 9 ሜትር ቢሆን ነው። ውኃ የያዘውን ሙቀት እንደ አፈር ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ ማለዳ ላይ ዳርቻው ከሐይቁ ራቅ ካለው ሜዳ ሻል ይላል። ሌሊት ነፋሱ ከየብሱ ወደ ሐይቁ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ይገለበጣል። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ድልድዩ ሲወርድ ደግሞ ውኃው ከአየሩ ይበልጥ ሞቃት ስለሆነ ጉም ይነሳበታል። ያ ጉም ለዓይን ያምራል፤ ለሹራብ ግን አይራራም። ዝናብ ሳይኖር ጸጉራችሁ፣ ሽፋሽፍታችሁ፣ የእጅጌያችሁ ጫፍ ረጥቦ ታገኙታላችሁ።

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ ስላለው ለሯጭ ትልቅ በረከት ነው። ግን ግራ ቀኙ ክፍት ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ፀጥ ባለ አየር ውስጥ እንኳ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ ነፋስ ደረቱ ላይ ይቀበላል፤ እውነተኛ ነፋስ ከፊት ከገጠመው ሁለቱ ይደመራሉ። የመሮጫ ልብስ ስትመርጡ የሙቀት መለኪያውን ቁጥር ብቻ አትዩ የምለው ለዚህ ነው። ደረታችሁ የሚያገኘው ነፋስና ጀርባችሁ የሚያፈልቀው ላብ ከቁጥሩ ጋር አብረው ይቆጠሩ።

ላቡን ከሁሉ በላይ ቁጠሩት። ጡንቻ ስንሮጥ ከሚያቃጥለው ኃይል ለእርምጃችን የሚውለው ጥቂቱ ነው፤ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሰውነታችን ራሱ ምድጃ ሆነ ማለት ነው፤ አሥር ደቂቃ ከሮጠ በኋላ ብርዱን ራሱ ያባርረዋል። ብዙ የለበሰ ሰው ያን ሙቀት መውጫ ስለሚነሳው ያልበዋል፤ ላቡ ልብሱን ያርሳል፤ የረጠበው ልብስ ደግሞ ሩጫው ረገብ ባለበት ቅጽበት ጠላት ይሆናል። ውኃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ሙቀት ያስተላልፋል። ይህን ቁጥር በልቡ መያዝ ያቃተው ሰው የጥምቀትን ማለዳ ያስታውስ። ጥር 11 ጎህ ሲቀድ ጠበል ተረጭቶ፣ ነጠላው ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ ነፋስ ሽው ያለበት ጊዜ የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው የለም። ያ ነጠላ ከመረጨቱ በፊት ሙቀት ይሰጥ ነበር። ጨርቁ አልተለወጠም፤ እርጥበቱ ነው የለወጠው። በጥጥ ቱታ ሮጦ ላብ በላብ ሆኖ ሐይቅ ዳር የሚቀመጥ ወጣት ያንኑ ነጠላ ለብሷል።

እዚህ ላይ ስለ ጥጥ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራዬ ነውና። ጥጥን የምወድ ሰው ነኝ። ከተማችን ራሷ የጥጥ ልጅ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ስንቱን ቤተሰብ አሳድጓል። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቡሉኮ ሁሉም ጥጥ ናቸው፤ እንደነሱ ሰውነት የሚያርፍበት ጨርቅ የለም። ግን ጥጥ ውኃ ወዳጅ ነው። በተለመደ አየር ውስጥ ተሰቅሎ ብቻ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ሱፍ 16 በመቶ አካባቢ፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። «ታዲያ ሱፍ ከጥጥ ይብሳል ማለት ነው?» ብላ ሱቅ የምትረዳኝ ልጅ ጠይቃኛለች። አይደለም። ሱፍ እርጥበቱን ወደ ውስጡ ይደብቀዋል፤ ፀጉሩ ጥቅልል ስለሆነ ቢረጥብም በመካከሉ አየር ይዞ ይቆያል፤ ቆዳ ላይ እንደ እርጥብ ጥጥ ተለጥፎ አይቀርም። የደጋ ሰው በርኖስና ባና ለብሶ በዝናብና በውርጭ ከብት ሲጠብቅ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ፖሊስተር ደግሞ ውኃውን ከነጭራሹ አይቀበልም፤ ላቡ በክሮቹ መካከል ሾልኮ ወደ ላይኛው ፊት ይወጣና ነፋስ ያደርቀዋል። ስለዚህ ቆዳችሁን የሚነካው የመጀመሪያው ልብስ ፖሊስተር ወይም ስስ ሱፍ ይሁን። ጥጥ ተራው ኋላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። በየቤታችሁ የኳስ ማልያ አለ። የከነማም ይሁን የውጭ ክለብ፣ ማልያ ማለት ላብ እንዲያወጣ ተብሎ የተሠራ ፖሊስተር ነው። ለመግዛት የምትወጡ ከሆነ ሰልባጅ ተራ ውስጥ ከአዲሱ የተሻለ ይገኛል፤ ግን ምልክቱን አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ ተቆርጧል ወይም ጠፍቷል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከጫፉ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት አቃጥላለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ሆኖ ጣት ላይ ይቀራል። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ እሳቱ ሲርቅም ራሱ ይጠፋል። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ያሳያል፤ አመድም ዶቃም። ሻጩ እንዳይቆጣ አስቀድማችሁ አስፈቅዱት፤ ክሩንም ከልብሱ አርቃችሁ ለኩሱት።

ሁለተኛው ፈተና ትንፋሽ ነው። ጨርቁን አፋችሁ ላይ ወጥራችሁ ንፉበት። ትንፋሻችሁ ያለ ችግር ካለፈ ለውስጥ ልብስ ይሆናል፤ ነፋስ ግን አያስቆምም። እየታገለ ካለፈ ለላይ ጃኬት የምትፈልጉት እሱን ነው። ጨርሶ ካላለፈ ላስቲክ ነው፤ ተዉት። ሦስተኛው የስፌቱ ነገር ነው። ብብት ስርና ትከሻ ላይ ያለውን ስፌት በጣታችሁ ዳስሱት። ወፍራም ከሆነ የላቡ ጨው ሲደርቅበት ቆዳ ይልጣል። እንዲህ ያለውን ማልያ ገልብጣችሁ ልበሱት፤ ስፌቱ ውጭ ይሁን። ማለዳ በጨለማ ማን ያያችኋል? ብብትና የእግር መገናኛ ላይ ቫዝሊን መቀባትም ይረዳል።

አሁን ወደ ድርብርቡ። በባሕር ዳር ታኅሣሥ ለአብዛኛው ሰው ሁለት ልብስ ይበቃል፦ ከውስጥ ማልያ፣ ከላይ ስስ ባለ እጅጌ ሹራብ ወይም ነፋስ የሚቆርጥ ስስ ጃኬት። ሦስተኛ ልብስ የሚያስፈልገው ደብረ ታቦር ለሚሮጠው ወይም ወደ ጉና ተራራ ለሚወጣው ነው። የሯጮች የቆየ መመሪያ አለ፤ ከቤት ስትወጡ አየሩ ካለው 10 ዲግሪ እንደሚሞቅ አድርጋችሁ ልበሱ ይላል። ውጭው 9 ዲግሪ ከሆነ ለ19 ዲግሪ እንደምትለብሱት ማለት ነው። ይህ ማለት የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ትንሽ ይበርዳችኋል። ይብረዳችሁ። ደጃፋችሁ ላይ ቆማችሁ የተመቻችሁ ከሆነ ግማሽ መንገድ ሳትደርሱ ይቸግራችኋል።

የላይኛው ልብስ ከፊቱ ዚፕ ያለው ቢሆን እመርጣለሁ። ዚፕ የልብስ መስኮት ነው፤ ወደ ድልድዩ ነፋስ ስትገቡ ትዘጉታላችሁ፣ ወደ ዳገቱ ስትዞሩ ትከፍቱታላችሁ። ያለ ዚፕ ሹራብ ካላችሁ ደረቱን ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ሰንጥቆ ዚፕ ማስገባት ለየትኛውም ሰፊ ቀላል ሥራ ነው። ሹራቡን አውልቆ ወገብ ላይ ማሰርም ይቻላል፤ እጅጌው ግን ረጅም ካልሆነ ቋጠሮው እየተፈታ ያሰለቻል።

አንድ ደንበኛዬ ባለፈው «እትዬ፣ እነ አትሌቶቹ ሱሉልታና እንጦጦ ላይ በሙሉ ቱታ፣ ያውም በጃኬት ሲሮጡ እናያቸው የለ እንዴ?» አለኝ። አዎ ልጄ፣ እናያቸዋለን። ግን እነሱ ልምምዱን ሲጀምሩ ከእርምጃ ብዙም በማይፈጥን ሩጫ ነው፤ ሲሞቁ ያወልቃሉ፤ ዋናውን ፈጣን ሥራ ሲሠሩ የለበሱትን ተመልከት። ሲጨርሱም ደረቅ ልብስ የያዘ መኪና ይጠብቃቸዋል። ቱታውን ብቻ ወስደን የቀረውን ከተውን ከእነሱ አልተማርንም።

እርጥበትና ነፋስ ሲገናኙ ምን እንደሚያደርጉ ለማየት የ2018 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶንን ማስታወስ ይበቃል። ከዜሮ ብዙም ያልራቀ ብርድ፣ የማያቋርጥ ዝናብ፣ ከፊት የሚመታ ኃይለኛ ነፋስ። ብዙ ስመ ጥር ሯጮች መንገድ ላይ አቋርጠው ወጡ። ከወንዶች ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺ በ2:15:58፣ ከሴቶች አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን በ2:39:54 አሸነፉ፤ ሰዓቶቹ ለቦስተን ዘገምተኛ ናቸው። ሊንደን መጨረሻው መስመር ላይ የደረሰችው ነፋስ የሚከላከል ጃኬቷን እንደለበሰች ነው። እኔ ያን ፎቶ ሳይ ዓይኔ የሄደው ወደ ጃኬቱ ነበር። የዓለም ምርጥ ሯጭ እንኳ ከረጠበና ነፋስ ከመታው ጉልበቱ አይቆምለትም። ጣና ዳር እንዲህ ያለ ቀን አይመጣብንም፤ ግን ትንሹ ወንድሙ ኅዳርና ታኅሣሥ በየማለዳው አለ።

ሆዳቸውን በላስቲክና በፌስታል ጠቅልለው የሚሮጡ እህቶችና ወንድሞች አሉ። ይህን በጣም አዝኜ ነው የማየው። የሚወጣው ላብ ነው፤ ስብ አይደለም። ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ኪሎ ውኃ ስትጠጡ ይመለሳል። በብርድ ጊዜ ደግሞ ላስቲኩ ሲፈታ ያ ሁሉ ላብ በአንድ ጊዜ ነፋስ ያገኘዋል። ክብደት መቀነስ መልካም ሐሳብ ነው፤ ላስቲኩን ጥላችሁ ሩጫውን አስረዝሙት።

ስለ እግር ብዙ አልጨነቅም። ትልልቆቹ ጡንቻዎች እዚያ ስላሉ ራሳቸውን ያሞቃሉ። ሰፊ የጥጥ ቱታ ግን ጫፉ ጤዛ ከሣሩ እየጠጣ እስከ ቅልጥም ይረጥባል፤ ጠበብ ያለ ወይም ታይት ይሻላል። ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችን ታይት ብቻ ለብሰን አደባባይ መውጣት አይመቸንም፤ በዚህ ምክንያት ሩጫ የተዉ አውቃለሁ። ከታይቱ በላይ ጉልበት ላይ የሚደርስ፣ ጎንና ጎኑ የተቀደደ ስስ የፖሊስተር ጉርድ እሰፋለሁ። እርምጃ አይይዝም፣ ነፋስም ከጭን ይከለክላል። ከዩኒፎርም የተረፈ ቁራጭ ይበቃዋል። ካልሲም ከጥጥ የተሠራ አይሁን፤ እርጥብ የጥጥ ካልሲ ቁስል ያወጣል።

እጅ ግን ያሳስበኛል። ሲበርደን ሰውነታችን ደሙን ወደ መሀል ይሰበስባል፤ ጣቶች መጀመሪያ ይቀጣሉ። ደርቀው ዚፕ መሳብ፣ ቁልፍ ማዞር ያቅታቸዋል። ስስ የሱፍ ጓንት ጥሩ ነው፤ ከሌለ ንጹሕ ካልሲ እጅ ላይ ማጥለቅ ይቻላል፤ ሲሞቃችሁ ወገባችሁ ላይ ትሰኩታላችሁ። ለክንድ የምወደው ደግሞ የኳስ ካልሲ ነው፤ ያ ረጅሙ፣ ገምባሌው። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆርጣችሁ ጫፉን አንድ ጊዜ እጠፉና ስፉት። ማልያ ለብሳችሁ ክንዳችሁ ላይ ታጠልቁታላችሁ፤ ስትሞቁ ሳትቆሙ ወደ ታች ትሸበልሉታላችሁ። በውድድር ላይ ታላላቅ ሯጮች የሚያደርጉትን የክንድ ሽፋን ይህ ይተካዋል።

ከሰው ሙቀት ግማሹ በራስ ይወጣል ሲባል እንሰማለን። ራስ ከቆዳችን አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ያን ያህል ድርሻ የለውም። ጆሮ ግን ያማል፤ ስለዚህ ስስ ቆብ ወይም ሻሽ በቂ ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ግን ጸጉሯ በላብ ሲረጥብ በቶሎ አይደርቅም፤ ሁለተኛ ደረቅ ሻሽ ትያዝ።

አብረውን የሚሮጡ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አስም አለባቸው። «ብርድ ሳንባ ይመታል እያሉ ልጆቼ ሊያስቀሩኝ ነበር» ይላሉ። አፍንጫና ጉሮሮ አየሩን ሳንባ ሳይደርስ ያሞቁታል፤ ጤነኛ ሰው በእኛ አገር ብርድ ሳንባው አይጎዳም። ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው እርጥበት ግን ትንሽ ስለሆነ የአስም ሰው መተንፈሻ ቱቦ ይደርቅና ይጠብባል። ጋሼ ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን መንፊያ ሳይዙ አይወጡም፤ አፋቸውን በስስ ስካርፍ ሸፍነው፣ ከሁላችንም ቀስ ብለው ይጀምራሉ። ስካርፉ ውስጥ የገዛ ትንፋሻቸው እርጥበት ይመለስላቸዋል። ስካርፉን የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ፤ ከኋላ በቁልፍ የሚያያዝ፣ ሲሞቃቸው አንገታቸው ላይ የሚወርድ።

ከጾመ ነቢያት ጋር የሚገጥመውም ይኸው ወቅት ነው፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና። ባዶ ሆድ ቶሎ ይበርደዋል። በጾም የምትሮጡ ሩጫውን አሳጥሩ፤ ከሩጫው በኋላ የምትለብሱትን ግን ጨምሩ።

ጨለማው ስላለ ቀለምም የአለባበስ ጉዳይ ነው። ባጃጁ ያለ መብራት የሚመጣበት ጊዜ አለ። ጥቁር ቱታ ለብሶ አስፋልት ላይ መሮጥ አይገባም፤ ነጭ ወይም ቢጫ ይሁን፤ ክንድና ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ አሰፉበት። የሚንቀሳቀስ ቁርጭምጭሚት ከደረት ይልቅ ቶሎ ይታያል። ጉማሬ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ሣር ስለሚግጥ ደግሞ፣ ሳይነጋ ከዓባይ ዳር ካለው ሣር ራቁ፤ በመንገዱ ላይ ሩጡ።

አሁን ወደ ጥጡ ልመለስ። ሩጫው ሲቆም ምድጃው ይጠፋል፤ እርጥቡ ልብስ ግን ላያችሁ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አምስትና አሥር ደቂቃዎች ከሩጫው ሁሉ ይበልጣሉ። ሰው ግን በዚያች ሰዓት ነው ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ፎቶ የሚነሳው፣ ከጓደኛው ጋር ቆሞ የሚያወራው። መጀመሪያ የረጠበውን የውስጥ ልብስ አውልቁ፤ ላዩ ላይ ጃኬት መደረብ እርጥበቱን ከቆዳችሁ ጋር መቆለፍ ነው። ቆዳችሁን በፎጣ አድርቁ፤ ደረቅ ከነቴራ ልበሱ፤ ከዚያ ጋቢ። ደረቅ ጋቢ በድርቦቹ መካከል የቆመ አየር ይይዛል፤ ያ የቆመ አየር ነው የሚያሞቀው። ማልያ ሩጫው ላይ ያገለገለውን ያህል ጋቢ እዚህ ያገለግላል፤ ቦታ ብቻ ይለዋወጣሉ። ከዚያ ትኩስ ነገር፣ በተለይ አጥሚት፣ ካለ እሰየው።

ለወንዶች ይህ ቀላል ነው፤ ዛፍ ስር ዞር ብለው ከነቴራ ይቀይራሉ። ለእኛ ለሴቶች በሐይቁ ዳር ልብስ መቀየሪያ የለንም፤ ብዙዎቻችን በእርጥብ ልብስ በባጃጅ እስከ ቤት የምንሄደው ለዚህ ነው። ባጃጁ ደግሞ ጎኑ ክፍት ነው። ለዚህ ብዬ የሠራሁትን ላካፍላችሁ። አሮጌ ጋቢ ወስጄ ሁለቱን ድርብ ብቻ አስቀራለሁ፤ አራት ድርቡ ለዚህ ሥራ ይከብዳል። መሀሉን አግኝቼ ራስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ እከፍታለሁ፤ ወርዱ ሰላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ፊት ለፊቱ ትንሽ ወረድ ያለ። ከትከሻ እስከ ጉልበት ይወርዳል። ጎንና ጎኑን ከብብት በታች ሙሉ በሙሉ አልሰፋውም፤ በየሃያ ሳንቲ ሜትሩ አዝራር አደርግበታለሁ፤ እጅ ማውጣት ሲፈለግ ይከፈታል። እሱን አጥልቃችሁ፣ እጃችሁን ወደ ውስጥ ሰብስባችሁ፣ ማልያውን ማውለቅና ደረቁን መልበስ ይቻላል፤ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ደረቁን ከነቴራ፣ ፎጣውንና ሻሹን በፌስታል አድርጋችሁ እዚያው ጋቢ ውስጥ ጠቅልሉት፤ እርጥቡ ማልያ በዚያው ፌስታል ይመለሳል። ሻይ የምትሸጥ የምታውቋት ሴት ካለች ሩጫው እስኪያልቅ አደራ ታስቀምጥላችኋለች።

ማልያውን ቤት ስትደርሱ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፤ ላብ ፖሊስተር ላይ ካደረ ሽታው አይለቅም። ካውያ አታስጠጉት፤ ይቀልጣል። የጋቢውን አንገት ደግሞ ድርብ አድርጋችሁ በጥብጣብ ክፈፉት፤ ሸማ በመቀስ የተቆረጠበት ቦታ ከሁለት እጥበት በኋላ መተርተር ይጀምራል።